ስለ ሕፃናት ሥዕልና ስለ ውሎ ደብተር

በላሊበላ ከቤተ ማርያም ገብቶ ቀና ብሎ የተመለከተ ሰው፥ ከቅዱሳን ሥዕልና ከልዩ ልዩ ሐረግ መካከል ሁለት በሬዎች ቀንድ ለቀንድ ገጥመው ሲዋጉ ተሥለው ያገኛል፤ በውጭም ከደጁ በላይ ፈረሰኞች ከድንጋዩ ተፈልፍለው ይታያሉ። በሬዎቹን የሣለው ሠዓሊ ስሙን አልተወልንም፤ ነገር ግን በሬ ሲዋጋ ቆሞ የተመለከተ ዐይን እንደ ነበረው ሥራው ይመሰክርለታል። በላስታ ደጋ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሁሉ ይህን ትርኢት ዘወትር ያየዋል። ያን ሠዓሊ ከሌላው እረኛ የለየው ምን ይሆን ብለን ብንጠይቅ፥ በዐይኑ ያየውን በእጁ እንዲገልጥ የፈቀደለትና መንገዱን ያሳየው ሰው ማግኘቱ ነው ከማለት በቀር ሌላ መልስ አይገኝለትም።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፤ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ልንነጋገርበት ያሰብነው ነገር ይኸው ነው። ልጅ ሥዕል እንዲሥልና በየቀኑ ያየውን፥ የሰማውንና ያሰበውን በራሱ ደብተር እንዲጽፍ ቢደረግ፥ አዲስ ነገር የማሰብ ኀይሉ እንዴት ሊያድግ እንደሚችል፥ አባትና እናትም በዚህ ሥራ ምን ድርሻ እንዳላቸው እንመልከት።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ነገር ከባሕር ማዶ የመጣ የፈረንጅ ልማድ አድርገው ይቈጥሩታል። ይህን የሚሉት ግን ከላስታ አጠገብ ያለውን የዋድላን ቅኔ ቤት የረሱ ናቸው። በአገራችን የቅኔ ትምህርት ከታወቁት ቤቶች መካከል ዋሸራ፥ ጎንጅና ዋድላ ስማቸው አብሮ ይነሣል። በቅኔ ቤት ያለ ተማሪ መምህሩ የነገረውን ብቻ አጥንቶ ቢመለስ ተማረ አይባልም። ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤት መወድስ ድረስ የየክፍሉን ልክና ዜማ ከተረዳ በኋላ፥ ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ተቀምጦ፥ ከዚያ በፊት ማንም ያልተናገረውን ቅኔ ከራሱ ልብ ማውጣት ይገባዋል። የቈጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰሙና ወርቁ የተስማማ እንደ ሆነ ያመሰግነዋል፥ የጐደለውንም ያቃናለታል። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ተማሪ በጉባኤው ፊት ያፍራል። ነገም እንደ ገና ሌላ አዲስ ቅኔ ማምጣት አለበት።

እንግዲህ ይህን ሥርዐት በደንብ እንመልከተው። መጠኑ የጸና ነው፤ ቤቱ አይጐድልም፥ አይተርፍምም። በመጠኑ ውስጥ ያለው አሳብ ግን የተማሪው የራሱ ነው። ሥርዐትና ነጻነት እንደ ጠላት የሚተያዩ የሚመስላቸው ሰዎች የቅኔ ቤትን ደጅ ረግጠው ቢሆን ኖሮ ይህን ባላሉም ነበር። እኛም ስለ ሕፃናት ሥዕልና ስለ ውሎ ደብተር ስንናገር፥ ልጅ እንደ ፈለገ ይሁን፥ ምንም አይማር ማለታችን አይደለም። ብርዕ አያያዝን፥ ቀለም አበጣጠብን፥ የፊደልን አጣጣል ይማር፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚሥለውንና የሚጽፈውን ነገር ራሱ ይምረጥ ማለታችን ነው።

ስለ ሥዕል ትምህርት የአገራችን ታሪክ ከቅኔው የተለየ መልክ አለው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ሙያውን የሚማረው ከመምህሩ ሥር ሆኖ፥ ቀለም እየፈጨና እየበጠበጠ፥ የቀደሙትን ሥዕሎች አብነት እየተከተለ ነው። በዚሁ በላስታ በገነተ ማርያም ግድግዳ ላይ የሚታዩት ከዐፄ ይኵኖ አምላክ ዘመን ጋር ስማቸው የተያያዘው ሥዕሎች፥ በይምርሐነ ክርስቶስም ዋሻ ውስጥ ባለው ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ በእንጨት የተገጣጠሙት ጌጦች የዚህ ዐይነቱ ጥንቃቄ ፍሬዎች ናቸው። አብነት መከተል የሚናቅ ነገር አይደለም። ነገር ግን ዕድሜው ሰባት ዓመት የሆነውን ሕፃን ገና ከመጀመሪያው ቀን ይህን ብቻ ገልብጥ ብሎ ማስገደድ፥ ጉባኤ ቃና ያልጀመረን ልጅ የመወድስ ቅኔ ሁሉ በቃልህ ያዝ፥ አንድም ቅኔ አትቊጠር እንደ ማለት ነው።

በውጭ አገርም ቢሆን ይህ ነገር የታሰበበት ብዙ ዘመን አልሆነም። ፍራንትስ ቺዜክ የሚባል የኦስትርያ ሰው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1897 ዓ.ም. በቪየና ከተማ ለልጆች ብቻ የሆነ የሥዕል ክፍል ሲከፍት፥ ልጅ የትልቅ ሰው ሥራ እንዲገለብጥ ሳይገደድ ከራሱ አሳብ እንዲሥል ማድረጉ ለብዙዎች እንግዳ ነገር ሆኖባቸው ነበር። በእኛም አገር በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢጣልያ ተልኮ ሥዕል የተማረው አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ፥ በኋላ በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ ያሳተመው መጽሐፍ በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ታሪክ ሆነ። የሰውየው የፖለቲካ ታሪክ ሌላ ነገር ነው፥ እዚህ አናነሣውም፤ ሥዕል የተማረ እጅ ወደ ጽሕፈት መሻገሩን ግን ልብ ልንለው ይገባል። ከዚያ ወዲህ በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካ በቺካጎ ሥዕል ተምረው የተመለሱት አለ ፈለገ ሰላም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን አቋቋሙ። ያ ትምህርት ቤት ዛሬ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። በአዲሱ ሥርዐተ ትምህርትም ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የክወናና የዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት ተመድቧል። መጽሐፉ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ቀለምና ወረቀት ከሌለ፥ መምህሩም ራሱ ሥሎ የማያውቅ ከሆነ ግን፥ ልጆቹ ስለ ሥዕል እያነበቡ ሳይሥሉ ዓመቱ ያልፋል።

በዚህ ነገር የራሳችንን ልጅነት ብናነሣ አንባቢ አይቀየመንም። በተማርንበት ትምህርት ቤት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ከደብተራችን ጠርዝ ላይ ጭነት የያዘች በቅሎ ሥለን ነበር። መምህሩ ከኋላ መጥቶ አየና ገጹን ቀዶ በክፍሉ ፊት ከፍ አድርጎ አሳየው፤ ልጆቹም ሳቁ። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሒሳቡን እንድንማርለት ነበር የፈለገው። ሒሳቡንም ተማርን። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ በቅሎ ለመሣል እጃችን ተነሥቶ አያውቅም። ለአንድ ልጅ ይህ ትንሽ ጕዳት ነው፤ በየክፍሉና በየዓመቱ ሲደጋገም ግን ለአገር ትንሽ አይደለም።

ደግሞ ሌላ የቈየ እንቅፋት አለ። ከታላላቅ ቤተ ሰብ የሆኑ አንዳንድ አባቶች ልጃቸው ጭቃ ሲያቦካ ወይም ቀለም ሲቀባ ቢያዩ፥ የሸክላ ሠሪ ወይም የቀጥቃጭ ሥራ የያዘ መስሎአቸው ይቈጣሉ። የእጅ ሥራን መናቅ ከአገራችን ክፉ ልማዶች አንዱ መሆኑን ዳግማዊ ምኒልክ ተመልክተው፥ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አውጀው ነበር። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከአንዳንድ ቤት እልፍኝ ግን ገና አልገባም። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈለው መሮና መዶሻ የያዘ እጅ መሆኑን፥ ያም እጅ አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት አንዱን ከሌላው ሳያመሳስል እንደ ሠራቸው፥ ከድንጋይ አንድ ጊዜ የተቀረፈ ነገር ተመልሶ እንደማይለጠፍ እያወቀ እንደ ደፈረ ለልጆቻችን ስንነግር፥ በቤታችን ውስጥ ጭቃ ለነካ ልጅ መቈጣታችን እንዴት ይታረቃል?

እንዲያውም የመጀመሪያዋ የሥዕል መምህርት እናት ናት ብንል አልተሳሳትንም። የላስታ እመቤት መሶብ ስትሰፋ በወረቀት ላይ የተሣለ ንድፍ የላትም። ስንደዶውን በአክርማ እየጠቀለለች፥ በወስፌዋ እየወጋች፥ ቀዩ ከስንት ዙር በኋላ ከአረንጓዴው ጋር እንዲገናኝ በልቧ ትቈጥራለች። ከአጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ልጅ ቀለም ከቀለም እንዴት እንደሚስማማና ቍጥር እንዴት ወደ ጌጥ እንደሚለወጥ ማንም ሳያስተምራት ታያለች። እናት ለዚህች ልጅ ትርፍራፊ አክርማ ሰጥታ፥ የፈለግሽውን መልክ አውጪበት ብትላት፥ በከተማ ብዙ ገንዘብ ተከፍሎ ከሚሰጠው ትምህርት የማያንስ ትምህርት ሰጠቻት። ልጅቱ የሰፋችው ጠማማ ቢሆን ፈታ አታስተካክልባት፤ ጠማማነቱን ልጅቱ ራሷ አይታ በሁለተኛው ታቃናዋለች።

ባለፈው ወደ ላሊበላ በሄድን ጊዜ፥ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ዳር ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ በከሰል በሬ ሲሥል አገኘን። ቆመን ስንመለከት በሬው አምስት እግር አለው። ከእኛ አንዱ፥ አንተ ልጅ፥ በሬ አምስት እግር አለውን? ብሎ ጠየቀው። ልጁም ቀና ሳይል፥ «እየሮጠ እኮ ነው፥ ጋሼ» ብሎ መለሰ። ብዙ ከሣቅን በኋላ ነገሩን ስናስበው፥ ልጁ የሣለው እግር ሳይሆን ሩጫ እንደ ነበረ ተረዳን። በጥያቄአችን ፈንታ በሬ አራት እግር ነው ያለው ብለን አምስተኛውን በጣታችን አጥፍተንለት ቢሆን ኖሮ፥ በሬው ትክክል ይሆን ነበር፤ ሩጫው ግን ይቆም ነበር።

ከዚህ የተነሣ ለወላጆችና ለመምህራን የምናሳስበው ልጅ ሥሎ ሲያመጣ አስቀድሞ ምንድን ነው ይህ? ተብሎ እንዳይጠየቅ ነው። ይህ ጥያቄ አልታወቀልኝም የሚል ወቀሳ አለበት። ስለ ሥዕልህ ንገረኝ ቢባል ግን ልጁ ይናገራል፥ ሲናገርም አሳቡ ይሰፋል። የአንዱን ልጅ ሥራ ከወንድሙ ሥራ ጋር ማወዳደር፥ እንግዳ በመጣ ቍጥር ጠርቶ ማሣልም አይገባም። የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። ወረቀት ውድ በሆነበት ቤት ከሰልና ጠፍጣፋ ድንጋይ ይበቃል፤ ከወንዝ ዳር የመጣ ሸክላ ጭቃ ይበቃል። አባቶቻችን ለብራና ጽሕፈት የሚሆነውን ጥቁር ቀለም ከጥላሸትና ከተቈላ እህል ሠርተው ለብዙ ወራት ያቈዩት ነበር፤ ልጅም ቀለም ከሱቅ ብቻ የሚገኝ እንዳይመስለው ይህን በዐይኑ ቢያይ መልካም ነው። በሳምንት አንድ ቀን፥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ለዚህ ቢለቀቅ ሌላው ትምህርት አይጐዳም።

ወደ ውሎ ደብተር እንለፍ። የውሎ ደብተር ማለት ልጅ በየማታው ወይም በፈለገው ቀን የዋለበትን፥ ያየውን፥ የሰማውን፥ ያለመውንም ሳይቀር የሚጽፍበት የራሱ ደብተር ነው። ገና በደንብ የማይጽፍ ልጅ በግራው ገጽ ይሥልበት፥ በቀኙ አንድ መሥመር ይጻፍበት። የላስታ ልጅ ቀኑን በበዓሉ ያውቀዋል፤ ሃያ አንድ ማርያም፥ ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ፥ ሃያ ሰባት መድኃኔ ዓለም ብሎ ይጀምር። የአያቱን ተረት፥ ከጓደኞቹ የሰማውን እንቆቅልሽ፥ በገና ዕለት ካህናቱ ከቤተ ማርያም ቅጥር ጫፍ ላይ ሆነው ቤዛ ኵሉ ሲሉ ያየውን ይጻፍ። የአያት ተረት በዚህ ዐይነት ካልተጻፈ ከአያት ጋር ይቀበራል፤ ይህንንም በየቤታችን እናውቀዋለን።

በዚህ ደብተር ላይ ሁለት ነገር እንዲጠበቅ እንለምናለን። መጀመሪያው፥ ፊደሉ ቢሳሳት በቀይ ቀለም እንዳይታረም ነው፤ ለእርማት የትምህርት ቤቱ ደብተር አለ። ሁለተኛውና ከባዱ፥ አባትም ሆነ እናት ልጁ ሳይፈቅድ ገልጠው እንዳያነቡት ነው። በአገራችን ልማድ ልጅ ከወላጁ የሚሰውረው ነገር ሊኖረው አይገባም ይባላል፤ ይህንም ስንጽፍ የሚቈጣን አንባቢ እንደሚኖር አላጣነውም። ነገር ግን እንደሚነበብበት የሚያውቅ ልጅ የሚጽፈው አባቱ ሊያነበው የሚወደውን ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ውሎ መሆኑ ቀርቶ የደስታ መግለጫ ደብዳቤ ይሆናል። አና ፍራንክ የተባለች የአይሁድ ልጅ በፈረንጆች 1942 ዓ.ም. በ13ኛው የልደት ቀኗ የተሰጣትን ደብተር ከሁለት ዓመት በላይ በአምስተርዳም ተሸሽጋ የጻፈችበት የልቧን ሁሉ ነው። እርሷ በጀርመን እስር ቤት ከሞተች በኋላ በ1947 ዓ.ም. ታትሞ እስከ ዛሬ በዓለም ቋንቋዎች የሚነበበውም ስለዚሁ ነው።

ይህን ምሳሌ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ላሊበላ በጦርነት ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ፥ የከተማዪቱና የዙሪያዋ ልጆች ሁሉን ይሰሙና ያዩ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ብዙ ልጆች ከትምህርት ተለይተዋል። ከዚያ በፊት ከእንግዶች የሚገኘው ገቢ በወረርሽኙና በጦርነቱ ምክንያት ተቋርጦ ስለ ነበረ፥ በየቤቱ ጭንቀት ገብቶአል። ልጅ ይህን ሁሉ አይቶ ዝም ሲል፥ ረስቶታል ብለን እንጽናናለን። ብዙ ጊዜ አልረሳውም፤ የሚናገርበት ቃል አጥቶ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ የምትባል ሠዓሊት በቼክ አገር በተሬዚን ታስረው ለነበሩ የአይሁድ ልጆች፥ ከፈረንጆች 1942 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል በድብቅ ሥዕል ታስተምር ነበር። ወረቀቱ ተጥሎ የተገኘ፥ ቀለሙም ጥቂት ነበረ። ልጆቹ ቤታቸውን፥ አበባን፥ ቢራቢሮን፥ የተጫነ ባቡርንም ሣሉ፤ በየሥራቸውም ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ ታዛቸው ነበር። በጥቅምት 1944 ዓ.ም. እርሷ ወደ አውሽቪትስ ተወስዳ ተገደለች፤ ከልጆቹም የሚበዙት ጠፉ። 4 ሺህ 500 የሚያህሉት ሥዕሎች ግን በሁለት ሻንጣ ተሸሽገው ከጦርነቱ በኋላ ተገኙ፤ ዛሬም በፕራግ በአይሁድ ቤተ መዘክር ተጠብቀው ይገኛሉ። ፍሪድል ልጆቹን ከሞት ማዳን አልቻለችም። ሳሉ ግን በየሳምንቱ ለጥቂት ሰዓት የእስረኛ ቍጥር መሆናቸው ቀርቶ ስም ያላቸው ሠዓሊዎች አደረገቻቸው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሥዕል መድኃኒት አይደለም፤ ሌሊት የሚባንን፥ ምግብ የተወ፥ ከሰው የተለየ ልጅ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ልጅንም ጦርነቱን ሣልልኝ፥ ያየኸውን ጻፍልኝ ብሎ ማስገደድ ቁስል መነካካት ነው። ወረቀቱ ይቅረብለት፤ ጦርነት ቢሣል ይሣል፥ ዶሮ ቢሣል ይሣል። ከወር በላይ ዶሮ ብቻ ሲሥል ቈይቶ አንድ ቀን ሌላ ነገር የሚሥል ልጅ አለ፤ የዚያን ቀን ከአጠገቡ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ትልቅ ሰው ያስፈልገዋል።

በየወረዳው ያላችሁ ሹማምንት በዚህ ነገር ልትረዱ የምትችሉት ብዙ ገንዘብ በመመደብ አይደለም። በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ቅዳሜ እንዲከፈት፥ ከአገሩ ሠዓሊዎችና ከቅኔ መምህራን አንዱ እየመጣ ለልጆቹ እንዲያሳይ፥ ከጽሕፈት ቤት በአንድ ወገኑ ብቻ ተጽፎበት የሚጣለው ወረቀት ለልጆቹ እንዲላክ ማዘዝ ይበቃል። የዚህ ወረቀት ነገር ትንሽ ይመስላል፤ በየመዝገብ ቤቱ ግን በዓመት ስንት ከረጢት እንደሚቃጠል እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ።

ያን ባለ አምስት እግር በሬ የሣለውን ልጅ በማግስቱ እንደ ገና አገኘነው። ደብተርና እርሳስ ሰጥተነው ነበርና ሌላ ደብተር ሊጠይቀን የመጣ መሰለን። እርሱ ግን የሣለውን ቤተ ጊዮርጊስ አሳየን፤ መስቀሉ ከላይ እንደሚታየው ሆኖ ተሥሎአል፥ ዙሪያውም ጉድጓድ ነው። ፊቱ ግን ደስ ያለው አይመስልም። ምን ጐደለው? ብንለው፥ ድንጋዩ ቀይ ነው፥ እርሳሱ ግን ጥቁር ነው አለን። ቀይ እርሳስ ከእኛ ዘንድ አልነበረም። ከመንገዱ ዳር ቀይ አፈር ቈንጥረን፥ በጣሳ ክዳን ላይ በውኃ በጥብጠን፥ የሣር ጫፍ አኝከን እንደ ብሩሽ አድርገን ሰጠነው። እኛ ለመሄድ ስንነሣ ገና የሰሜኑን ግድግዳ ይቀባ ነበር።